አሮጌ ፎርዊል መኪና ከፍ ስለማድረግ፦ ከሰሜን ሸዋ ሾፌሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ አንኮበር፣ መርሐቤቴና ምንጃር ለሚነዱ፣ መኪናቸው ዕድሜ ለጠገበ ሰዎች ነው። ላንድክሩዘር ይሁን ሂሉክስ፣ ፓትሮል ይሁን ላንድሮቨር፣ ጥያቄው ያው ነው። ምን ያህል ላንሳው? በምን ላንሳው? መልሴም ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የምትጭኑትን ክብደት እወቁ፣ ከፍታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መኪናዬ ከኋላ ቁጭ ብሏል። ሊፍት ኪት (ከፍ ማድረጊያ ዕቃ) ልግዛ?

ቆዩ፣ ገና አትግዙ። ሃያ ሠላሳ ዓመት የሠራ ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረው ጎባጣ ብረት) ወይም ሞላ (የተጠቀለለው ብረት) ይደክማል። ሰው "ከፍ ላድርገው" ብሎ ጋራዥ ከሚያመጣቸው መኪኖች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ፋብሪካ የሰጣቸውን ቁመት መመለስ ብቻ ነው።

ሜትር አምጡ። መኪናውን ባዶውን ደልዳላ ቦታ አቁሙና ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም እግር ለኩ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ መበላትና የነፋሱ መጠን ያሳስታችኋል። በሾፌር በኩል ትንሽ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ሁለት ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከተለያየ ግን አንዱ ወገን ደክሟል። ከዚያ ከሥሩ ግቡ። ባሌስትራው መኪናው ባዶ ሆኖ ሳለ ቀጥ ብሎ ከተኛ ወይም ወደ ላይ ከተገለበጠ አልቋል። አክስሉን ከሻንሲው የሚከላከለው ላስቲክ የተቀጠቀጠና የተሰነጠቀ ከሆነ መኪናው በየጉድጓዱ እዚያ ድረስ እየወረደ ሲመታው ነው የኖረው። ቁጥሩን ጻፉት፣ ከተገጠመ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ስንት ሴንቲሜትር ይበቃል?

አምስት። በዚህ አገር መንገድ ለሚሠራ አሮጌ መኪና ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ እንዲወጣ አልመክርም። እስከ አምስት ድረስ ብዙዎቹ መኪኖች ትንሽ ማስተካከያ ተደርጎላቸው ጤናማ ሆነው ይሄዳሉ። ከዚያ ካለፈ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ማዕዘኑ ይጣመምና ክሮቸራ (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ቶሎ ይበላል፣ መሪው ይዋልላል። እያንዳንዱን ለማስተካከል ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ወጪ። አሥር ሴንቲሜትር አንስቶ በየወሩ ክሮቸራ ከሚለውጥ መኪና ይልቅ አራት ሴንቲሜትር ተነስቶ የመንዟ መሃል ሜዳ ከተማ ደርሶ የሚመለሰው ይሻላል።

ከፍ ካደረግሁት ዲፈረንሻሉ ድንጋይ መምታቱን ያቆማል?

አያቆምም። ይሄን ጉዳይ ሰው ሁሉ ይሳሳተዋል። ባሌስትራና ሞላ የሚያነሱት ከአክስሉ በላይ ያለውን ነው፦ ሻንሲውን፣ ቦዲውን፣ የነዳጅ ታንኩን፣ ፓራውልቱን። ሙሉ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) ባለው መኪና ላይ ዲፈረንሻሉ አክስሉ ላይ ስለተቀመጠ ከመሬት የሚርቀው በጎማ ቁመት ብቻ ነው። ጎማው ከጨመረውም ግማሹን ነው የምታገኙት። ለምሳሌ 265/75 R16 ጎማ ቁመቱ ወደ 80 ሴንቲሜትር ነው፣ 285/75 R16 ደግሞ ወደ 83። ልዩነቱ ሦስት ሴንቲሜትር፣ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው አንድ ተኩል። ለዚያች አንድ ተኩል ሴንቲሜትር የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ በትክክል ወደ 83 ትሄዳላችሁ፣ ሞተሩም የከበደ ጎማ ያዞራል።

ሞተሩን ደግሞ አስቡት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፣ ስለዚህ እንደ ዋን ኤች ዜድ ያለው የላንድክሩዘር ሞተር እዚህ ቆሞ ሳለ ሩብ የሚሆነውን ጉልበቱን አጥቷል። ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ዝቅ ብላችሁ ነው የምትወጡት።

ታዲያ ሊፍቱ ለምን ይጠቅማል? ጎማ በበላው ሁለት መስመር መሃል ያለው ጉብታ ሆድ እንዳይመታ፣ ወንዝ ሲወጡ ፓራውልት ዳገቱን እንዳይነካ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭነት ሲጫን አክስሉ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ እንዲኖረው።

የኔ መኪና ባሌስትራ ነው ወይስ ሞላ? ለውጥ አለው?

ትልቅ ለውጥ አለው። ጎንበስ ብላችሁ ፊትም ኋላም እዩ፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።

60ኛው ላንድክሩዘርና የድሮው 75 በአራቱም እግር ባሌስትራ ናቸው። 78 እና 79 እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ፊታቸው ሞላ፣ ኋላቸው ባሌስትራ ሆኗል። 80ኛው በአራቱም ሞላ ነው። ላንድሮቨር ዲፌንደርም እንደዚያው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ሲሪስ ግን ባሌስትራ ነው። ሂሉክስ ላይ ተጠንቀቁ፤ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ባለ ናፍጣ ፎርዊሎች ፊታቸውም ባሌስትራ ነበር፣ ቀጥሎ የመጣው ግን ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ነው። ስለዚህ "የሂሉክስ ኪት" ብሎ ከሚሸጥ ሰው የሻንሲ ቁጥሩን ሳታሳዩ አትግዙ።

ባሌስትራው ላይ ብረት ባስጨምርስ? ወይም ባስቀጠቅጠው?

ሁለቱም እኛ ጋ በብዛት ይሠራል፣ ሁለቱም ቦታ አላቸው።

ማስቀጥቀጥ ማለት የተኛውን ብረት መልሶ ማጉበጥ ነው። ርካሽ ነው። ብረቱ ግን ያው የደከመው ብረት ነው፣ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል። ቢዝነስ ላልሆነ መኪና፣ ቀለል ላለ ሥራ፣ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ይሁን እሺ። በኦክሲጅን እሳት አግሎ ማጉበጥ ግን ፈጽሞ አይሆንም። የባሌስትራ ብረት በፋብሪካ በልዩ ሙቀት ነው የሚጠነክረው፣ እሳቱ የነካው ቦታ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰነጠቃል። ብየዳም እንደዚያው። የተሰበረ ባሌስትራ አይበየድም፣ ይለወጣል።

ብረት መጨመር የጭነት አቅም ይሰጣል፣ ግን ባዶ ስትሆኑ ያነጥራችኋል። የሚጨመረው ብረት ከሥር አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚነካ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ባዶውን ከላይኞቹ ጋር አብሮ አይሠራምና አይጎዳችሁም። ከሌላ መኪና፣ ለምሳሌ ከአይሱዙ የወጣ ወፍራም ብረት መሃል ላይ መክተት ግን ሌሎቹን ይሰብራል።

የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ባስረዝምስ? ብሎክስ?

ረጅም ማንጠልጠያ የሚሰጠው የጨመረውን ግማሽ ነው። አምስት ብታስረዝሙ ሁለት ተኩል ታገኛላችሁ፣ በዚያ ላይ መኪናው በጎን ይወዛወዛል፣ ከፊት ከሆነ ደግሞ የመሪው ማዕዘን ይበላሻል። ብሎክ (በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል የሚገባ ብረት) ከኋላ ብቻ፣ አንድ ፍሬ፣ በፋብሪካ የተሠራ ከሆነ ያስኬዳል። ከፊት አክስል ሥር ብሎክ የሚያስገባ መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ፍሬን ስትይዙ ኃይሉ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚመጣው፣ እዚያ ተንሸራቶ ወጣ ማለት መሪ የለም ማለት ነው።

የኔ ከፊት ቶርሽን ባር ነው። ቡሎኑን ማጥበቅ ብቻ ነው አሉኝ።

ይነሳል፣ እውነት ነው። ዋጋውም ዜሮ። ግን ጠንካራ አያደርገውም፣ ቁመቱን ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ጎማውን የያዘው እጅም ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ይበላበታል። ብዙ ካጠበቃችሁ በየጉብታው "ቋ" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ይሄ እጁ እስከ መጨረሻው ወርዶ መቆሚያው ላይ ሲመታ ነው። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ማዕዘንም ስለሚጣመም ላስቲኩ ይቀደድና ግራሶው ይፈስሳል። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር፣ ከዚያ አትለፉ፣ አላይመንትም አሠሩ።

ኪቱ ላይ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ይላል። የቱን ልውሰድ?

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ትንሽ ልረዝም።

አብዛኞቹ የኪት አምራቾች የኋላውን ባሌስትራ ወይም ሞላ የሚከፍሉት መኪናው ሁልጊዜ በሚሸከመው ክብደት ነው። "ሁልጊዜ" የምትለዋን ያዙልኝ። በዓመት ሁለቴ የምታመጡት እህል አይቆጠርም። የሚቆጠረው ሰኞም ዓርብም መኪናው ላይ ያለው ነው።

ወረቀት ያዙና ደምሩ። የብረት ፓራውልት አለ? ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ)? ሁለተኛ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ)? ሃያ ሊትር ናፍጣ ብቻውን 17 ኪሎ ገደማ ነው። መሣሪያ ሳጥኑ፣ ክሪኩ፣ ገመዱ። ከዚያ ሰው፣ ከዚያ ዕቃ። ከእነዋሪ ወደ ደብረ ብርሃን በየገበያው አምስት ኩንታል ጤፍ የሚያመላልስ መኪና 500 ኪሎ ነው፣ ሾፌርና ረዳት ሳይቆጠር። እሱ ከባዱን ይውሰድ። መምህር ሆኖ ወይም የግብርና ባለሙያ ሆኖ ራሱንና ሁለት ሰው ይዞ መንዝ ለሚመላለስ ከባዱ ቅጣት ነው። ባዶ መኪና ላይ የተገጠመ ከባድ ባሌስትራ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ጎማው በኮረኮንቹ ላይ እየዘለለ መሬት ይለቃል። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይሰማም። ኩርባ ላይ ጠጠር ካለ ኋላው ይወጣባችኋል።

አንዴ ጭኖ አንዴ ባዶ የሚሄድ ሰውስ? መካከለኛውን ወስዶ ከሥር ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚነካ ረዳት ብረት ያለውን ይምረጥ። ለኔ ለዚህ አካባቢ ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከቆላ እህል ጭኖ ወጥቶ ባዶውን የሚወርድ መኪና በዝቷል።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ከባድ ባሌስትራ የመኪናውን የመጫን ልክ አያሳድግም። ሻንሲው፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ ያው የድሮዎቹ ናቸው። መኪናው ቀጥ ብሎ ስለቆመ ብቻ "ገና ይችላል" ብሎ ሦስት ኩንታል መጨመር ሻንሲ ያሰነጥቃል።

ለሞላ ደግሞ ይሄን ጨምሩ። ኪቶቹ ብዙዎቹ ከአውስትራሊያ ነው የሚመጡት፣ እዚያ ሾፌር የሚቀመጠው በቀኝ ነው። ግራና ቀኙ ሞላ በቁመት የሚለያይ ከሆነና "የሾፌር ወገን" ተብሎ ከተጻፈበት የኛ ሾፌር በግራ መሆኑን ለገጣሚው ንገሩት። ታንኩና ባትሪው በየት በኩል እንዳለም አብራችሁ አሳዩት።

ሾክ አብዞርበሩ ያው የድሮው ይቆይ?

አይቆይም። ባሌስትራው ሲነሳ የድሮው ሾክ ያጥራል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እስከ መጨረሻው ይሳብና ወይ ይቀደዳል ወይ ማሰሪያውን ይነቅላል። ለተነሳው ቁመት የተሠራ ረዘም ያለ ግዙ።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ የኛ ጠላት ጉድጓዱ ብቻ አይደለም፣ ያ ደቃቅ የኮረኮንች መንቀጥቀጥ ነው። ሾኩ በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲወጣና ሲገባ ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፣ ይቀጥናል፣ አረፋ ይሠራል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። ከረጅም ኮረኮንች በኋላ ቆማችሁ በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩት ሙቀቱ ይሰማችኋል፣ አትንኩት። ስለዚህ ወፈር ያለ፣ ዘይት የሚበዛው፣ ናይትሮጅን የተሞላ ሾክ ለዚህ መንገድ ዋጋው ይገባዋል። ገንዘብ ካነሰ ከባሌስትራው ቀንሱ እንጂ ከሾኩ አትቀንሱ።

ያለው ደክሞ እንደሆነ ለማወቅ ፓራውልቱን በሙሉ ክብደታችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት። አንዴ ተነስቶ ከቆመ ደህና ነው። ሁለት ሦስቴ ከዘለለ፣ ወይም አካሉ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ከለጠፈበት ሞቷል።

ካነሳሁት በኋላ መሪው ቀጥ አልል አለኝ፣ ይዋልላል። ምንድን ነው?

ፊቱ ሙሉ አክስልና ሞላ ያላቸው፣ እንደ 80ኛው ላንድክሩዘርና ፓትሮል ያሉት ላይ ይሄ የታወቀ ነው። አክስሉን የያዙት ክንዶች መኪናው ሲነሳ ትንሽ ያዞሩታል፣ ጎማው ራሱን ቀጥ የሚያደርግበት ማዕዘንም ይቀንሳል። ከኩርባ ስትወጡ መሪው በራሱ አይመለስም፣ አስፋልት ላይም ሁልጊዜ ማረም ይፈልጋል። መድኃኒቱ ቀዳዳው ከመሃል ወጣ ያለ ቦኮላ (በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባ ላስቲክ) ወይም ማዕዘኑን የሚመልስ ብረት ነው። አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግም መስተካከል አለበት፣ አለበለዚያ አክስሉ ወደ አንድ ወገን ተስቦ ይቀራል።

ይሄን ሁሉ ከማሠራታችሁ በፊት ግን ቴስቲናውን (የመሪ ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያውን) አስፈትሹ። ያረጀ ቴስቲና ሊፍቱ ከመገጠሙ በፊትም ነበረ፣ ቁመቱ አጋለጠው እንጂ አላመጣውም።

ጣርማበር ላይ አደገኛ አያደርገውም?

ጥንቃቄ ይጨምራል። ከጣርማበር ዋሻ አካባቢ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምታርፉት። የተነሳ መኪና ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ኩርባ ላይ የበለጠ ያዘነብላል። ፖርቶመጋላ ላይ ጭነት ካለ ደግሞ ሁለት እጥፍ። ከፍ ካደረጋችሁት ከባዱ ዕቃ ከላይ ይውረድ፣ ውስጥ ወለሉ ላይ ይሁን። ቁልቁለቱንም በማርሽ ውረዱት።

ሁለት ነገር ሁሉም ሰው ይረሳል። አንደኛው የኋላ ፍሬን ነው። ብዙ የቶዮታ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። ኋላው ሲጫን ዝቅ ሲል የኋላውን ፍሬን ይጨምራል፣ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ይቀንሳል። መኪናውን አምስት ሴንቲሜትር ስታነሱት ቫልቩ "ባዶ ነው" ብሎ ይቆጥረዋል፣ ጭናችሁ ስትወርዱም የኋላው ፍሬን በደንብ አይዝም፣ ፊቱ ብቻውን ይግላል። ዘንጉ የታሰረበት ቦታ በዚያው ልክ መነሳት አለበት። ገጣሚውን በግልጽ ጠይቁት፣ "ቫልቩን አስተካክለሃል?" በሉት።

ሁለተኛው መብራት ነው። ፊቱ ሲነሳ መብራቱም ይነሳል። በጣርማበር ጉም ውስጥ ወደ ላይ የሚያበራ መብራት ለእናንተ ነጭ ግድግዳ ነው፣ ከፊት ለሚመጣው ደግሞ ዓይን ማጥፊያ። በዚያው ቀን አስተካክሉት።

ክረምት ላይ የዋልካው ጭቃ ውስጥ ይረዳኛል?

ትንሽ። ሞረትና ጅሩ ውስጥ ነሐሴ ላይ የሚይዛችሁ ጎማው በጭቃ ተሞልቶ እንደ ሊጥ ድብልብል ሲሆን ነው፣ ለዚያ ቁመት ምንም አያደርግም። ጥርሱ ሰፋ ያለ ጎማ፣ ነፋስ መቀነስ፣ ሰንሰለት፣ እነዚህ ናቸው የሚያወጡት። ለሊፍት የመደባችሁት ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነና ጎማችሁ ካለቀ፣ ጎማ ግዙ።

በቦሎ ምርመራ ችግር ይፈጥራል?

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው የሚመረመርበት ቦታ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ለኢንሹራንሳችሁም አሳውቁ። ከአደጋ በኋላ "ይሄ ለውጥ አልተነገረንም" የሚል ጥያቄ እንዳይመጣ ደረሰኙንና የኪቱን ወረቀት አስቀምጡ።

ሲገጠም ቆሜ ምን ልይ?

ዩ ቦልቶቹ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት) አዲስ መሆናቸውን። አንዴ የጠበቀ ዩ ቦልት ተስቧል፣ ተመልሶ አይገጠምም። ዳዶው እየተፈተለ ሳለ ክሩ ላይ ዝገት ካያችሁ አስቁሙ።

ከዚያ ደግሞ ይሄን ነገር ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እዩት። የላስቲክ ቦኮላ ያለባቸው ቡሎኖች መጨረሻ ላይ መጥበቅ ያለባቸው መኪናው በገዛ ክብደቱ መሬት ላይ ቆሞ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ በዚያ አቋም ይታሰራል፣ መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፣ የደብረ ብርሃን የሌሊት ብርድ ሲያደነድነው ደግሞ ይቀደዳል። ብዙ ሰው "ኪቱ ጥራት የለውም፣ ቦኮላው በሁለት ወር አለቀ" የሚለው ዕቃው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን አጠባበቁ ነው። ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ፈልጉ።

መጨረሻ ላይ መሪው እስከ ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዙር፣ አንዱ ጎማ በክሪክ ይንጠልጠልና የፍሬን ቱቦው መወጠር አለመወጠሩ ይታይ። ቱቦው ከተወጠረ መኪናው ከጋራዡ አይውጣ።

አላይመንት አሠሩ። ወደ 500 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ዩ ቦልቶቹን አስጠብቁ፣ አዲስ ባሌስትራ ሲረግጥ ይላላሉ። ያኔ በመጀመሪያ የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡና አራቱንም እግር እንደገና ለኩ። አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ወርዶ ካገኛችሁት አትደንግጡ፣ ቦታውን እየያዘ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም አንዱ ወገን ብቻ ከወረደ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሸጠላችሁ ሰው ሂዱ።